ከጠጠር ወደ ማስተዋል
ልጆች ሒሳብን እየተጫወቱ ምክንያቱን እንዲናገሩ ስለ መርዳት



በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ ዓየር ጤና ባሉት ሠፈሮች፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚያልፍ ሰው ልጆች በየደጃፉ ሲጫወቱ ያያል። አንዳንዶቹ አምስት ጠጠር ይዘው ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ፤ ሌሎቹ መሬቱን በከሰል አስምረው በአንድ እግራቸው ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፤ ከፍ ያሉት ደግሞ በካርቶን ላይ በተሠመረ ሰሌዳ የለስላሳ ቆርኪ ደርድረው ዳማ ይገጥማሉ። በጨዋታውም መካከል ክርክር አይጠፋም። «በዚህ በኩል ብትሄድ ኖሮ ሁለት ትበላ ነበር»፣ «የለም፣ እኔ ደግሞ በዚያ እዘጋብህ ነበር» ይባባላሉ። ይቆጥራሉ፣ ያሰላሉ፣ ገና ያልሆነውን አስቀድመው ያያሉ፣ ላሉትም ነገር ምክንያት ይሰጣሉ።

በማግሥቱ ግን እነዚሁ ልጆች በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ይህን መልስ እንዴት አገኘኸው?» ሲባሉ አንገታቸውን ይደፋሉ። በደጃፍ ተከራካሪ የነበረው ልጅ በክፍል ውስጥ ስለምን ዝም ይላል? የዛሬው ትምህርታችን ይህን ጥያቄ ይዞ ይነሣል። ጽሑፉ በተለይ የታሰበው በየቁምስናው ግቢ ልጆችን ለሚያስጠኑ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ወጣቶች፣ እንዲሁም በቤታቸው ልጆቻቸውን ለሚረዱ ወላጆች ነው።

ሀ/ የታየው ችግር

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። ይህ ውጤት የልዩ ልዩ ትምህርቶች ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። የክፍል መጣበብ አለ፤ የመጻሕፍት እጥረት አለ፤ ወረርሽኝና ጦርነት ያስከተሉት የትምህርት መቋረጥም አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ መምህር ወይም አንድ ወላጅ ብቻውን ሊያስወግዳቸው አይችልም። በእጃችን ያለና ልናርመው የምንችለው አንድ ልማድ ግን አለ፤ ይኸውም ልጁን መልሱን እንጂ ምክንያቱን አለመጠየቃችን ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ዓላማው በወረቀት ላይ ከሰፈረ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቢያልፉም፣ በብዙ ክፍሎች እስከ ዛሬ የሚሰማው ድምፅ በኅብረት የሚደገም ቃል ነው።

እኔ ራሴ በልጅነቴ የማባዣ ሠንጠረዡን ሳላቋርጥ እወጣው ነበር። «7 ጊዜ 8?» ሲባል ከአፌ ላይ 56 ይወርዳል። አንድ ቀን መምህሬ «7 ጊዜ 9 ቢጠፋህ ከ7 ጊዜ 8 ተነሥተህ ልታገኘው ትችላለህን?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምለው አጣሁ። በ56 ላይ አንድ 7 መጨመር ብቻ ነበር፤ 63 ይሆናል። ቃሉን ይዤው ነበር፤ ትርጉሙን ግን አልያዝሁትም። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ላለው ዕውቀት ነው።

ከዚህ ጋር የአስተዳደጋችንም ነገር አለ። በታላላቆች ፊት ዝም የሚል ልጅ ጨዋ ይባላል፤ የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ እንደ ደፋር ይቆጠራል። አክብሮት መልካም ነው፤ ሊጠፋም አይገባውም። ነገር ግን ምክንያትን በትሕትና መናገር ድፍረት አይደለም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውም ብሂል የዚሁ የሀገራችን ነውና።

ለ/ ጨዋታ ምን ይጠቅማል?

ብዙ ወላጆች ጨዋታን ሥራ ማስፈቻ አድርገው ያዩታል። ልጁ ደብተሩን ጥሎ ጠጠር ሲቆጥር ቢያገኙት ይቆጡታል። ስለዚህ ጥቅሙን በግልጥ ማስረዳት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ በጨዋታ መሳሳት አያሳፍርም። በደብተር ላይ የተሳሳተ ልጅ ቀይ መስመር ያገኛል፤ በጨዋታ የተሳሳተ ልጅ ግን ዙሩን ይሸነፍና «እንደገና!» ይላል። ፍርሃት የሌለበት ልብ ደግሞ ለማሰብ ይከፈታል። ሁለተኛ፣ በጨዋታ የሚፈርደው ሕጉ ነው። ልጁ ትክክል መሆኑን ለማወቅ የመምህሩን ፊት አያይም፤ ጠጠሩ ራሱ ይነግረዋል። ሦስተኛ፣ ጨዋታ ያለ ባልንጀራ አይሆንም። ተጋጣሚ ያለበት ልጅ ያሰበውን ለመግለጥ፣ የሌላውንም አሳብ ለመስማት ይገደዳል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ። ጨዋታ ብቻውን ሒሳብ አያስተምርም። ዐሥር ዓመት ገበጣ ተጫውቶ «ስለምን በዚህ ጀመርህ?» ቢሉት «እንዲሁ ነው» ብቻ የሚል ሰው አለ። የሚያስተምረው በጨዋታው መካከል የሚጠየቀው «ለምን?» እና የሚሰጠው መልስ ነው። እንግዲህ ጨዋታው ማሳ ነው፤ ዘሩ ጥያቄው ነው።

ሐ/ ገበጣ፤ የሀገራችን የሒሳብ ሰሌዳ

ለዚህ ሥራ ከሩቅ የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልገንም። ገበጣ በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ በመሬት ላይ በተቆፈሩ ወይም በእንጨት ላይ በተፈለፈሉ ጉድጓዶች፣ በጠጠርና በፍሬ ሲጫወቱት የኖረ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ጨዋታው ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ረድፍ ሆኖ ይገኛል፤ ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካዊቷ የሒሳብ መምህርት ክላውዲያ ዛስላቭስኪም በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «አፍሪካ ትቆጥራለች» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ እንዲህ ያሉትን የአፍሪካ ጨዋታዎች ከሒሳብ ዕውቀት ቈጥረዋቸዋል።

ለጀማሪዎች የሚቀለው ባለ ሁለት ረድፍ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ 6፣ በጠቅላላው 12 ጉድጓድ ይሁን፤ ጉድጓድ መቆፈር በማይመችበት ሥፍራ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ይበቃል። በእያንዳንዱ 4 ጠጠር ሲደረግ ድምሩ 48 ይሆናል። ለማስረዳት እንዲመች ጉድጓዶቹን በዙሪያው ከ1 እስከ 12 እንቁጠራቸው፤ ከ1 እስከ 6 የአንዱ፣ ከ7 እስከ 12 የሌላው ናቸው። ተራው የደረሰው ልጅ ከራሱ ወገን አንዱን ጉድጓድ አንሥቶ በቀጣዮቹ ላይ አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ጠጠር በተጋጣሚው ጉድጓድ ገብታ በዚያ ያሉትን 2 ወይም 3 ካደረገቻቸው ይበላቸዋል። ልጆቹ ሌላ ሕግ የሚያውቁ ከሆነ የእነርሱን መቀበል ይሻላል፤ ሕጉን ለመምህሩ ማስረዳታቸው ራሱ ትምህርት ነውና።

በዚህ ላይ አንድ ደንብ ብቻ እንጨምር፦ ከመንካትህ በፊት ተናገር። ልጁ ጠጠሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ የመጨረሻዋ የት እንደምትወድቅና እንዴት እንዳወቀ ይናገራል። በመጀመሪያ በዓይኑና በጣቱ ይቆጥራል። ጥቂት ቀን ሲቈይ ግን «ከ2ኛው ተነሥቼ 9ኛው ላይ ለመድረስ 7 ጠጠር ያስፈልገኛል፤ ምክንያቱም ከ9 ላይ 2 ሲቀነስ 7 ነው» ማለት ይጀምራል። መቀነስ ማለት በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ርቀት ማወቅ መሆኑን ያን ጊዜ በራሱ አገኘው።

ቀጥሎ መምህሩ የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይችላል። አንተ 19፣ እርሷም 14 ጠጠር በልታችሁ ከሆነ በሰሌዳው ላይ ስንት ቀረ? ሳትቆጥሩ ንገሩኝ። መልሱ 15 ነው፤ ጠጠሩ ቦታ ይለውጣል እንጂ 48ነቱ አይለወጥምና። እንዲሁም 25 ጠጠር ቀድሞ የበላ ልጅ ጨዋታው ሳያልቅ አሸናፊ ነው የሚባለው ስለምን ነው? የ48 እኩሌታ 24 መሆኑን ያስተዋለ ልጅ «የቀረው ሁሉ ለተጋጣሚው ቢሰጥ እንኳ ከ23 አያልፍም» ብሎ ያስረዳል። ይህ እንግዲህ ማረጋገጫ ይባላል፤ የሒሳብ ሊቃውንት የሚደክሙበትም ሥራ ከዚህ በዓይነቱ አይለይም።

መ/ ከገበጣ ወደ ባሕረ ሐሳብ

ከ10ኛው ጉድጓድ ተነሥቶ 5 ጠጠር የሚጥል ልጅ በ11፣ በ12፣ ከዚያም ዞሮ በ1፣ በ2፣ በ3 ላይ ያኖራል። 17 ጠጠር ቢኖረውስ? 12ቱ ሙሉ ዙር ሄደው ወደ ተነሣበት ይመልሱታል፤ የተረፉት 5 ዳግመኛ 3ኛው ላይ ያደርሱታል። ስለዚህ የሚወስነው ትራፊው ነው።

ልጆቹን «ይህን ነገር ሌላ የት አያችሁት?» ብለን እንጠይቅ። ከመካከላቸው አንዱ ሰዓቱን ያስታውሳል፤ አሁን 10 ሰዓት ቢሆን ከ5 ሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ይሆናል። ሌላዋ ሳምንቱን ታነሣለች። በወራችን 30 ቀን አለ፤ 30 ለ7 ሲካፈል 4 ደርሶ 2 ይተርፋል። ስለዚህ የወሩ መባቻ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ይራመዳል። በ2017 ዓ.ም. መስከረም 1 ረቡዕ ነበር፤ ጥቅምት 1 ዓርብ፣ ኅዳር 1 እሑድ ሆነ። ሰኞ ማክሰኞ በሚዘሉበት መስመር ላይ ልጆቹ ራሳቸው እየዘለሉ ይህን ሊያረጋግጡ ይችላሉ።

ከዚህ ደረጃ የደረሱትን ትልልቅ ልጆች ወደ ባሕረ ሐሳብ ማሻገር አያስቸግርም። ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ የዘመን ቁጥር የትራፊ ሒሳብ ነው። የ2017 ዓ.ምሕረትን እንመልከት። 5500 ሲጨመርበት 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 12 ይተርፋል። ከትራፊው አንድ ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121 ነው፤ 30ው ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209 ነው፤ 30ው ሲገደፍ 29 ይተርፋል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። 1 እና 29 ሲደመሩ 30 ይሆናሉ።

አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ድምራቸው 30 መሆኑን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቃለን። ግን ስለምን? መልሱ በእጃችን ነው። አንዱ ወንበርን 11 ጊዜ፣ ሁለተኛው 19 ጊዜ የወሰደ ነው፤ 11 እና 19 ደግሞ 30 ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ በአንድነት ወንበርን 30 ጊዜ ወስደዋል፤ 30ው ሲገደፍ ምንም ሊተርፍ አይችልም። እያንዳንዳቸው ከ30 የሚያንሱ ስለ ሆኑ ድምራቸው 30 ከመሆን በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ወንበር አልቦ በሚሆንበት ዓመትም አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30 ተብሎ ይያዛል። በቃል የተቀበልነው የአባቶች ትምህርት በውስጡ ምክንያት እንዳለው ያየ ልጅ ለአባቶቹ ያለው አክብሮት ይጨምራል እንጂ አይጎድልም።

ሠ/ የ21 ጠጠር ጨዋታ

ሁለተኛው ጨዋታ ከዚህም ይቀላል። 21 ጠጠር ይቀመጣል። ሁለት ልጆች በየተራ 1፣ 2 ወይም 3 ያነሣሉ። የመጨረሻዋን ያነሣ ያሸንፋል። በቡድኑ ውስጥ የሚሰማው ንግግር እንዲህ ያለ ይሆናል።

አንዱ ልጅ፦ «ዝም ብሎ ዕድል ነው።»

ሁለተኛዋ፦ «አይደለም፤ 4 ሲቀርልኝ ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። 1 ባነሣ አንተ 3 ታነሣለህ፤ 2 ባነሣ 2፤ 3 ባነሣ 1።»

ሦስተኛው፦ «እንግዲያው እኔ 4 ልተውላት ነዋ የሚገባኝ።»

መምህሩ፦ «4 ለመተው ከዚያ በፊት ስንት መተው አለብህ?»

ከጥቂት ዝምታ በኋላ አንዱ «8» ይላል። እርሷ ያነሣችውን ወደ 4 የሚሞላ እያነሣ ይወርዳልና። ከዚያም 12፣ 16፣ 20። ስለዚህ ቀድሞ የሚጀምር ልጅ 1 አንሥቶ 20 ከተወ ማንም አይረታውም። ልጆቹ ይህን ሲያገኙ ጨዋታው ያለቀ ይመስላቸዋል፤ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው። «ማንሣት የሚፈቀደው 1 ወይም 2 ብቻ ቢሆንስ?» እንበላቸው። ያን ጊዜ የሚተወው 3፣ 6፣ 9 እያለ ይሄዳል፤ 21 ራሱ ለ3 ስለሚካፈል ቀድሞ የጀመረው ተሸናፊ ይሆናል።

የዚህ ዘመድ የሆነውንና በብዙ ክምር የሚጫወቱትን ጨዋታ፣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ቻርልስ ቡተን በ1901 እ.ኤ.አ. ሙሉ ፍቺውን ጽፈው ባንድ የሒሳብ መጽሔት አውጥተውታል። ጠጠር ማንሣት ለሊቃውንትም ያልተናቀ ሥራ መሆኑን ለወላጆች በዚህ ማስረዳት ይቻላል።

ረ/ ውይይቱን ስለ መምራት

በክፍሉ 60 ልጆች ቢኖሩ 15 ቡድን ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱም አራት። ሁለቱ ይጫወታሉ፤ ሁለቱ ይመለከታሉ፤ የሚመለከቱትም «ለምን?» ብለው የመጠየቅ ኃላፊነት አለባቸው። ከዚያ ይለዋወጣሉ። 20 ደቂቃ ጨዋታ ከሆነ 20 ደቂቃ ውይይት ይሁን፤ ውይይቱ የተቀነሰበት ጨዋታ ዕረፍት ነው እንጂ ትምህርት አይደለም።

መምህሩ ሊጠብቃቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

1ኛ/ ከጠየቀ በኋላ ይታገሥ። ዝምታው ቢረዝም መልሱን ራሱ አይናገር፤ ልጁ በዚያ ዝምታ ውስጥ እየሠራ ነው።

2ኛ/ መልሱ ትክክልም ቢሆን ስሕተት «እንዴት አወቅህ?» ይበል። ሲሳሳቱ ብቻ የሚጠየቁ ልጆች ጥያቄውን እንደ ተግሣጽ ይሰሙታል።

3ኛ/ አንዱ የተናገረውን ሌላው በራሱ ቃል ይድገመው። የባልንጀራውን አሳብ በቅንነት ሳይደግም የሚቃወም አይኑር።

4ኛ/ ተቃውሞው ለአሳቡ ይሁን እንጂ ለሰውየው አይሁን። «አንተ አታውቅም» ማለት ይቅር፤ «ይህ በ8 ላይ አይሠራም፤ እንየው» ማለት ይልመድ።

ሰ/ ማስጠንቀቂያ

ጨዋታው በገንዘብ ወይም በዕቃ ከተያዘ ቁማር ይሆናልና ፈጽሞ አይፈቀድ። ፈጣኑ ልጅ ሁልጊዜ ከተሞገሰ ቀስ ብሎ የሚያስበው ተስፋ ይቈርጣል፤ ስለዚህ ለፍጥነት ሳይሆን ለተሰጠው ምክንያት ምስጋና ይሁን። ሴቶች ልጆች በቤት ሥራ ተይዘው ወይም «ይህ የወንድ ጨዋታ ነው» ተብለው እንዳይቀሩ መምህሩም ወላጁም ይትጉ፤ ቅልብልቦሽን በመቀለብ ወንዶቹን የሚያስንቁ እነርሱ አይደሉምን? በመጨረሻም ጨዋታ የማባዣ ሠንጠረዥንና የዘወትር ልምምድን አይተካም። በቃል መያዝ ያስፈልጋል፤ ክፋቱ በቃል መያዙ ሳይሆን በዚያ መቅረቱ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ልጆቻችን ማሰብን አልተነፈጉም፤ በየደጃፉ እንደሚያስቡ ጆሮ ያለው ይሰማል። የጎደለው በደጃፍ ያለውን ክርክር ወደ ክፍል የሚያስገባ በር ነው። በሩን ለመክፈት 48 ጠጠር፣ አንድ የእንቁላል ካርቶን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ታላቅ ሰው ይበቃል። ዛሬ ማታ እናት ወይም አባት ከልጃቸው ጋር 21 ባቄላ ቆጥረው ቢቀመጡ፣ ቢሸነፉም «እንዴት አሸነፍኸኝ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ልጁ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አሳቡን ለታላቅ ሰው ያስረዳል። አንድ ጊዜ በቤቱ የተደመጠ ልጅ በክፍል ውስጥ እጁን ማንሣት አይከብደውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ማንሣት የሚፈቀደው ከ1 እስከ 4 ቢሆን፣ በ21 ጠጠር የሚያሸንፈው ማን ነው? ምክንያቱንም ግለጡ።

2. ሁለት ጎደሎ ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር የሚሆነው ስለምን ነው? ጠጠሩን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አሳዩ።

3. የ2018 ዓ.ም. ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ስንት ናቸው? ድምራቸውንስ ሳታሰሉ ልትናገሩ ትችላላችሁን?

4. በቁምስናችሁ ወይም በቤታችሁ ልጆች ምክንያታቸውን እንዳይናገሩ የሚያደርጋቸው ምንድር ነው? በዚህ ሳምንት ልታርሙት የምትችሉትን አንድ ነገር ምረጡ።